ድንጋይ የሌለበት ሜዳ

ማክሰኞ ንጋት፣ ጎንደር

መናኸሪያው ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ ሚኒባሱ እስኪሞላ እጠብቃለሁ። የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሾፌሩ አየኝና፣ “ሲስተር፣ ቆላ እየወረዱ ጋቢ ምን ያደርግልዎታል?” አለኝ።

“ቆላ እስክደርስ እንዳልሞት ነዋ!” አልኩት። ሲስተር የሚሉኝ ነርስ ስለነበርኩ ነው። እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ ስሙ ግን እምቢ አለ።

የምሄደው ሽንፋ ነው። የድሮ ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ ከባለቤታቸው ጋር እርሻ ብለው ቆላ ከወረዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ማሽላውንም ሰሊጡንም የሚያርሱት ብቻቸውን ናቸው። ስልክ በደዋወልን ቁጥር፣ “ኧረ አንች፣ የኛን አገር አውሬ ሳታይ ልትሞች ነው?” ይሉኛል። ዘንድሮ እሺ አልኩ። በልቤ ያለው አንበሳ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

ረፋድ፣ ከአይከል በታች

መንገዱ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወርዳል። የጤፍ ማሳው ቀረ፣ የሽመል ጫካው መጣ። ሽመሉ ቀረና ልጣቸው እንደ ወረቀት የሚላጥ የዕጣን ዛፎች መጡ፣ ቅጠላቸውን አራግፈው ዳገቱ ላይ ተደርድረዋል። ጋቢዬን አወለቅሁ። ቀጥሎ ሹራቤን። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ “ሲስተር፣ የቀረውን ሸሕዲ ያድርሱት!” ሲል መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

ቀትር፣ ሸሕዲ

ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ አቧራ። አጨዳ ጨርሰው ወደ ደጋ የሚመለሱ ወጣቶች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እዚህ የተቀበለኝ ኢድሪስ ነው። ሽንፋ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ሊጭን በፒክአፑ ሲመጣ እትዬ ስንዱ “እንግዳዬን አደራ” ብለውታል። ፉል በሽንኩርትና በዘይት አበላኝ፣ ከበረዶ የወጣ ከርከዴ አጠጣኝ።

“ተማም?” አለኝ፣ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው።

“ተማም ብቻ? ነፍሴ ናት የተመለሰችው!” አልኩት።

ከሰዓት፣ ወደ ሽንፋ

ግራ ቀኙ ጥቁር የዋልካ መሬት ነው፣ ድርቁ ሰነጣጥቆት እግር የሚውጥ። ከዋልካው ወዲያ ቢጫ ሳር አለ፣ ሰው የሚያክል፣ ዓይን እስከሚደርስበት። አልፎ አልፎ ግራርና ቁርቁራ ቆሟል። ጅግራዎች በመንጋ መንገዱን ያቋርጣሉ። አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ፣ ሁሉም ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ሲሮጡ ኢድሪስ ቆሞ አሳለፋቸው። ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆኗል፤ ዳሩ ላይ ሽመላዎች ውኃውን እያዩ ይቆማሉ። ከወንዙ ገደል ደግሞ ጉሮሯቸው ቀይ የሆነ ትንንሽ ወፎች ከየጉድጓዳቸው እየወጡ ንብ አየር ላይ እየያዙ ይበላሉ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

“ይህን ሁሉ በየቀኑ ታየዋለህ?” አልኩት።

“ኧረ ሲስተር፣ እኔ የማየው መንገዱን ነው” አለና በአገጩ ወደ ምዕራብ አመለከተኝ። “አሁን ደግሞ ያንን ጭስ። ትናንት ሩቅ ነበር።”

በዚህ ወቅት ሜዳው ይቃጠላል። ማን እንደለኮሰው አይታወቅም፣ ነፋስ ይዞት ይመጣል። የእትዬ ስንዱ ማሽላ ደግሞ ሳሩ ጫፍ ላይ አውድማ ተከምሮ የመውቂያ ትራክተር ይጠብቃል። ትራክተሩ “ዛሬ ነገ” እያለ ቀርቷል። ከዚያ ክምር ሌላ የዓመት ቀለብ የላቸውም። ስለዚህ ነገ ንጋት ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ከአውድማው አጠገብ ያለውን ሳር አስቀድሞ ያቃጥላል። ሰደድ እሳቱ ሲደርስ የሚበላው እንዳያገኝ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ነፋስ ሳይነሳ ብቻ ነው። ከተነሳ የለኮሱት እሳት ራሱ ክምሩን ይበላዋል።

እትዬ ስንዱ በሩ ላይ አቅፈው ሳሙኝ። ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፣ ሳቃቸው ግን ያው ነው።

ረቡዕ ንጋት፣ አውድማው

ሰዉ ሁሉ ባዶ የሰሊጥ ጆንያ ይዞ መጥቷል። ኢድሪስ በርሜል ሙሉ ውኃ አምጥቷል። ጆንያው እሳት ማጥፊያ መስሎኝ፣ “ለምን አታነክሩትም?” ብዬ ጠየቅሁ።

“መጀመሪያ ኤሊ እንልቀምበት” አሉኝ ጋሼ ደርሰህ። ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ የእሳቱ አዛዥ። “ሌላው ይሮጣል፣ ይበራል። ኤሊ ምን ታድርግ?”

ጎን ለጎን ተሰልፈን ልናቃጥለው ባለው ሳር ውስጥ ገባን። ሰዉ በዱላ ሳሩን እየገለጠ ይሄዳል። ሚዳቋ ዘልላ አመለጠች፣ ቆቆች ተንጫጩ። ኤሊ ያገኘ “አለች!” ብሎ ወደ ጆንያው ይከታል። የጆንያው ሆድ ሲንቀሳቀስ ሳየው ሳቄ መጣ። አንበሳ ፍለጋ መጥቼ ኤሊ ለቀማ!

ከዚያ ጉልበቴ ከዳኝ። ሰልፉ አለፈኝ። ሳሩ ውስጥ ድንጋይ አየሁና ተመስገን ብዬ ተቀመጥኩበት። ሌሎቹ ወጥተው ጋሼ ደርሰህ ችቦውን ሲያቀጣጥሉ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ልነሳ ስል ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ።

ጩኸቴ ሽንፋ ገበያ ሳይሰማ አልቀረም። እትዬ ስንዱ እየሮጡ መጡና ሳሩን ገለጡ። እንዲህ ያለ ኤሊ አይቼ አላውቅም፣ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያክላል። አንገቱን ሰብስቦ ዝም ብሏል።

“አቁሙ! አትለኩሱ!” አሉ እትዬ ስንዱ።

“ነፋሱ ሊነሳ ነው!” ጮኹ ጋሼ ደርሰህ። እውነታቸውን ነው፣ ጉንጬ ላይ ተሰምቶኛል። “ስንዱ፣ እህልሽ ነው እኮ! የማንም አይደለም!”

“የኔ ስለሆነማ ነው የማዘው፣ ጋሼ። ሸራውን አምጡልኝ!”

የአውድማውን ሸራ አነጠፉ። አራት ሰው ገፍቶ፣ እኔም በአቅሜ ገፍቼ ሸራው ላይ አወጣነው። እየጎተትን ወደ ወንዙ ዳር ወጣን። እሳቱ ሲለኮስ የሳሩ ጫፍ መወዛወዝ ጀምሮ ነበር። ግማሹ ነዶ ሳያልቅ ነፋሱ ዞረ። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ዘልላ ክምሩ ሥር ወደቀች። ገለባው ጨሰ። የእትዬ ስንዱ ፊት አመድ ሆነ። ኤሊዎቹ ወንዝ ዳር ተለቅቀው ጆንያዎቹ ባዶ ሆነዋል፤ ኢድሪስ እየነከረ ይወረውራል፣ ሰዉ ይደበድባል። እኔም ደበደብኩ፣ ቀሚሴ ጫፉ ነደደ፣ ደበደብኩ። ጠፋ። ጋሼ ደርሰህ መሬት ላይ ዘርፈጥ ብለው፣ “አንች ሴትዮ፣ ትገይኛለሽ” አሏቸውና ሳቁ።

ረቡዕ ምሽት

ሰደዱ ሲመሽ ደረሰ። ቀይ መስመር ሆኖ፣ እየጮኸ። ጥቁሩ አመድ ጋ ሲደርስ የሚበላው አጣና እያነሰ፣ እያነሰ ሞተ። ክምሩ እንዳለ ቆሟል። ማንም አላጨበጨበም፤ “ተመስገን”፣ “አልሐምዱሊላህ” እያለ ወደየቤቱ ሄደ።

እትዬ ስንዱን፣ “ያ ክምር ቢነድስ ኖሮ?” አልኳቸው።

ወደ ጥቁሩ ሜዳ እያዩ ነገሩኝ። “በመጣን ዓመት ሳሩን እንዲሁ አቃጠልነው። በማግሥቱ ጉልቻ ፍለጋ ወጣሁ። ደገኛ አይደለሁ? ዋልካ ላይ ድንጋይ እንደሌለ ማን ነገረኝ። አመዱ ውስጥ ክብ ድንጋይ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ አቅፌ ቤት ገባሁ። ልጎልተው ስገለብጠው…” በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። “ከዚያ ወዲህ ሳንለቅም አንለኩስም። ክምሩ ቢነድ ኖሮማ አለቅስ ነበር። ግን እንደዚያ ቀን አይደለም።”

እጃቸውን ያዝኩ።

ሐሙስ፣ መልስ

ስንወጣ ኢድሪስ ወንዙ ዳር አቆመልኝ። ትልቁ ኤሊ ኩሬው አጠገብ ለምለም ሳር እያኘከ ነው። ከወዲያ የነበርንበት ሜዳ ሁሉ ጥቁር ነው፣ ከውስጡ ጭስ ይወጣል። እትዬ ስንዱ ያሰሩልኝን የማሽላ ጥቅል ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የማመሰግነው ማንን ማንን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ኢድሪስን፣ ጋሼ ደርሰህን፣ እትዬ ስንዱን፣ የከዳኝን ጉልበቴን ሳይቀር።

ጎንደር ስገባ ጀምበር ዘቅዝቃለች፣ ጋቢዬን መልሼ ለብሻለሁ። ደጃፌ ላይ ስንት ዘመን ፀሐይ የሞቅሁበት ድንጋይ አለ። ደክሞኛልና ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ቀና አልኩና በጣቴ አንኳኳሁት።

ዝም አለ። ጥቂት ጠብቄ ተቀመጥኩ።