አባቴ የጠሩት ደመወዝ

በድርቁ ዓመት የፈረንሳይ ሐኪሞች ዘመሮ ከተማ ዳር ድንኳን ተከሉ። በአካባቢው ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልተገኘም። እኔም ቋንቋውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ከሲስተሮች ትምህርት ቤት ነው። አክስቴ ስትሞት ወደ አገሬ ተመለስኩ።

በመጨረሻው ዓመት አንዷ ሲስተር የሥራ ማመልከቻ አጻጻፍ አስተምራን ነበር። ደመወዝ በፈረንሳይኛ "ይህን ያህል እፈልጋለሁ" ተብሎ አይጠየቅም፤ ብልግና ነው። "ዠ ሱዌትሬ" ይባላል፣ "ቢሆንልኝ እመኝ ነበር" እንደ ማለት ነው። ከዚያ ቁጥሩ ይከተላል። አሥር ጊዜ አስጽፋናለች።

የአስተርጓሚነቱን ሥራ የፈለግሁት ለበሬያችን ነበር። ከሁለቱ አንዱን ድርቁ ገድሎታል። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ እርፍ የሚጨብጡ ገበሬ። የቀረውን ዳልቻ በሬ ሸጠው እህል ሊገዙ ቆርጠዋል። የእኔ ደመወዝ እህሉን ከገዛ በሬው ይተርፋል፤ ካልገዛ በወሩ መጨረሻ ገበያ ይወጣል።

የሐኪሞቹ አስተዳዳሪ ቀጭን ሴት ነበረች። ፈረንሳይኛዬን ሰምታ ደስ አላትና "ስንት ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ። የሲስተሯ ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ፤ ግን አላልኩትም። እኛ ዘንድ ሰው የድካሙን ዋጋ በገዛ አፉ አይጠራም። ሸማኔውም ግንበኛውም "እርስዎ ያውቃሉ" ይላል፤ አሠሪው ያሰበውን ይናገራል፣ ካነሰ ሽማግሌ ገብቶ ያስጨምራል። እኔም ባማረ ፈረንሳይኛ "እርስዎ ያሉት ይበቃኛል" አልኳት። እጄን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችኝ። አባቴም ሲሰሙ "የጨዋ ልጅ መልስ ነው" አሉ።

ወሩን ሙሉ የአሮጊቶችን ሳልና የሕፃናትን ተቅማጥ ስተረጉም ከረምኩ። በደመወዝ ቀን ዘበኞቹና ውሃ ቀጂዎቹ እየፈረሙ ተቀበሉ። የእኔ ስም አልተጠራም። ብጠይቅ አስተዳዳሪዋ ደነገጠች። "በነፃ የምታገለግይ መስሎኝ! ታዲያ ስንት ይሁን?" አለችኝ። እንደገና ቁጥሩን መጥራት አሳፈረኝ። በእሷ ሳይሆን በራሴ ተናድጄ፣ እንባዬን እየዋጥኩ ቤቴ ገባሁ። በሬው ለነገው ገበያ አዲስ ገመድ ታስሮለታል።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ የሆነውን ሰምተው "ለራስ ሲሆን ነው ነውሩ። እኔ እናገርልሻለሁ" ብለው ጥምጣማቸውን አስረው አብረውኝ መጡ። ወንበር ተሰጣቸው። ሴትዮዋን መረቁ፤ እናት አባቷን መረቁ፤ ሐኪሞቹንም አንድ ሳያስቀሩ መረቁ። በመጨረሻ "እንግዲህ ለልጄ እግዜር ያመለከተዎትን ያድርጉላት" ብለው ጨረሱ።

ቁጥር የለም! አስተዳዳሪዋ እስክተረጉምላት ትጠብቃለች።

ምርቃቱን አንድ በአንድ ተረጎምኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ያ አዲስ ገመድ ታየኝ። "አባቴ፣ ቢፈቅዱላቸው፣ በወር ሰማንያ ብር ይመኙ ነበር" አልኩ። አላፈርኩም፤ የአባቴ ቃል ነዋ። ሴትዮዋ ወደ እሳቸው ዞራ አየቻቸው። እሳቸውም ምን እንደተባለ ሳያውቁ በክብር ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰማንያ ብሎ ጻፈች፤ ያለፈውንም ወር እዚያው ከፈለችኝ።

ዳገቱን ስንወጣ "ስንት አሰበችልሽ?" አሉኝ።

"ሰማንያ ብር።"

ቀጥ ብለው ቆሙ። "ሰማንያ! ምን ያለች ቸር ሴት ናት! ራሷ ናት የጠራችው?"

"እርስዎ ነዎት የጠሩት፣ አባባ።"

መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ፈራሁ።

"እኔ?" አሉ ቀስ ብለው። "ፈረንሳይኛ መቻሌን ዛሬ ገና መስማቴ ነው።"

ደጅ እንደደረስን ጥምጣማቸውን እንኳ ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ጋጣው ሄደው፣ ከበሬው አንገት ላይ አዲሱን ገመድ ፈቱት።