የእታለም ሦስት ፊልሞች

ሰሞኑን መብራት ሲጠፋ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ጀነሬተር ያስነሳል። የቤንዚኑ ሽታ በመስኮት ይገባል። ሌላው ሰው መስኮቱን ይዘጋል፤ እኔ ግን ወንበሬን አስጠግቼ እቀመጣለሁ። ሽታው ወደ መካነ ሰላም ይወስደኛል፤ ረሃቡ አልፎ፣ ንጉሡ ወርደው፣ ታላቅ እህቴ ዘነበች የፊልም ተዋናይ ወደ ሆነችበት ዘመን።

እታለም ነበር የምላት። ዘማች ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ሲመጡ ትንሽ የፊልም ካሜራ ይዘው ነበር፤ ሥዕል እንጂ ድምፅ አይቀዳም። ሰው ሁሉ ካሜራውን ሲያይ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደ ግንድ ይደርቃል። እታለም ብቻ ካሜራ መኖሩን ረስታ ሥራዋን ትሠራለች። በዚህ ተመረጠች።

በመጀመሪያው ፊልም እጇን በሳሙና ታጠበች። በሁለተኛው ሽማግሌዎችን ፊደል አስቆጠረች። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል፤ ሲመጣ አመሻሽ ላይ ጀነሬተሩ ይነሳና በኖራ በተቀባው የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይታያል። እሷ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አንዱ ዘማች በድምፅ ማጉያ ይናገርላታል። በወፍራም የወንድ ድምፅ «እናቶቼ ሆይ፣ ንጽሕና ጤና ነው!» ሲል ሰው በሳቅ ይፈርሳል።

በማግስቱ ገበያ ላይ «ዘነበች፣ ጉሮሮሽን ምን ነካው?» ይሏታል።

«ብርድ መቶኝ ነው» ትላለች ሳትስቅ።

ጎረቤታችን እማማ ከድጃ «ያ አላህ! ቤቷ ሰሃን የማታጥብ ልጅ!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር።

ሦስተኛው ስለ ረሃቡ ነበር። እታለም ልጅ አዝላ በደጎሎ መንገድ ስትሄድ ወድቃ የምትሞት እናት ሆነች። ፊቷን አመድ ቀቧት። ያዘለችው ጨርቅ ነበር።

ፊልሙ የታየ ዕለት ግድግዳው ላይ ስትወድቅ፣ ሰዎች መጥተው በነጠላ ሲሸፍኗት፣ ከኋላ አንዲት ሴት ጮኸች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ሕዝቡ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እንደ ለቅሶ ቤት ደረቱን ይመታ ጀመር። ዘማቹ በማጉያው «ወገኖቼ፣ ፊልም ነው! ፊልም እኮ ነው!» ቢል ማን ይስማው። እታለም አጠገቤ ቆማ ነበር። እናቴ ገፋቻት።

«ሟርት ነው! ሂጂ ፊታቸው ቁሚ፣ ይዩሽ!»

ሮጣ ብርሃኑ ውስጥ ገባች። «አለሁ! ይኸው አለሁ!» እያለች እጇን አወናጨፈች። ጥላዋ ግድግዳው ላይ የተኛችውን ሸፈናት። ለቅሶው ግን አልቆመም። እማማ ከድጃ፣ ልጃቸው በረሃቡ ጊዜ በዚያው መንገድ የቀረባቸው፣ ትከሻዋን ይዘው «አብሽሪ ልጄ፣ ላንቺ አይደለም። ለኛዎቹ ያኔ መች አለቀስን» አሏት።

እናቴ ጠበል አስረጨቻት። እታለም ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አላማራትም። ደሴ ሄዳ ቴአትር ልትጀምር ተነሣች። «አሁን በራሴ ድምፅ ነው የምሠራው» ብላ የጭነት መኪና ላይ ወጣች።

ብዙም አልቆየች። የቀይ ሽብር ጊዜ ነበር፤ ከደሴ የመጣ ሰው እናቴን ወደ ጓሮ ጠርቶ ነገራት። ተገድላለች። አስከሬን የለም። ማልቀስም ክልክል ነው።

እናቴ ገብታ ምስር መልቀም ጀመረች። እማማ ከድጃ መጡና «ወንፊት ልዋስ ነበር» አሉ። ተቀመጡ፤ ከእናቴ ጋር ምስሩን ሲለቅሙ ቆይተው ወንፊቱን ይዘው ሄዱ። ቀጥሎ አንዷ ድስት ልትዋስ መጣች። ሌላው ገመድ። ሌላዋ ቁና። እናቴ ለእያንዳንዳቸው ተነሥታ ትሰጣለች፤ «እግዜር ያጥናሽ» የሚል የለም። ሲመሽ ቤታችን ውስጥ ዕቃ አልቀረም።

በእኛ አገር የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። በማግስቱ ሁሉም ንፍሮ ይዞ ተመለሰ፣ ለቅሶ ቤት የሚበላው ንፍሮ፤ ገመዱ እንኳ የንፍሮ ቋጠሮ ታስሮበት መጣ። እማማ ከድጃ ከመለሱት ወንፊት ውሃው ገና ይንጠባጠብ ነበር። እናቴ አቀረበችልኝ።

«ቀስ ብለህ አላምጥ፤ ሰው ይሰማል» አለችኝ።

በላሁ። አላለቀስኩም።

እናቴ ካረፈች ቆየ። ለእሷ ድንኳን ተጥሎ ተለቀሰላት። አልቃሿን ቀስ ብዬ ጠርቼ፣ የእህቴንም ስም አንሺልኝ፣ ያኔ አልተለቀሰላትም አልኳት። አልቃሾች ስለማያውቁት ሰው ሳይጠይቁ አይገጥሙም።

«አነጋገሯ እንዴት ነበር? ድምፅዋ ቀጭን ነው ወፍራም?» አለችኝ።

የተናገረችው ቃል ሁሉ ትዝ ይለኛል። ከንፈሯም ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። ድምፁ ግን የለም። ፊልሞቹም የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሴትየዋ ትጠብቃለች።

«ዝምተኛ ነበረች» አልኳት።