ትኩሳት የያዘው ክምር

በጡብ ፋብሪካው ግቢ የድንጋይ ከሰሉን የምትጠብቀውን ሴት ሁሉም «ሐኪሟ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት አካፋ ያዦቹ ናቸው። ክምሩ ውስጥ ረጃጅም ብረቶች ተሰክተዋል፤ እሷ በየማለዳው አንድ በአንድ እየነቀለች ጫፋቸውን በመዳፏ ትዳስሳለች። ብረቱ ከቀዘቀዘ ከሰሉ ደኅና ነው። ከሞቀ ግን ውስጥ ውስጡን እየጋለ ነው፤ ዝም ከተባለ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ይነድዳል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይኸው ነገር አላስቀምጥ አላስቆም ብሏታል። ድንጋይ እንዴት ትኩሳት ይይዘዋል? ሾፌሮቹን ጠየቀች፤ ሳቁባት። የቀድሞውን ኃላፊ ጠየቀች፤ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አላት። ባሏም «ከእኔ ይልቅ ለከሰሉ ታስቢያለሽ» እያለ ይቀልድባታል። እውነቱን ነው።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ በግንቡ በኩል ያለው ብረት መዳፏን ለበለባት። ሮጣ ለአዲሱ መሐንዲስ ነገረችው። ወጣቱ ረፋዱ ላይ ቴርሞሜትሩን ይዞ መጣና ክምሩ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል ሰካው።

«ምንም የለውም፣ እትዬ። ብረቱን ፀሐይ አሙቆት ይሆናል።»

«ፀሐይ ሳትወጣ ነው የነካሁት፣ ልጄ። የእኔ ብረት ሦስት ሜትር ይገባል፤ ያንተ ገና ቆዳውን ነው የነካው። ክምሩ ተንዶ ይታይ።»

«ይህን ሁሉ ለመናድ የምድጃው ሠራተኛ በሙሉ ሥራ መፍታት አለበት። ምንም ባይገኝስ?»

«እኔን ወደ በር ጥበቃ አዛውረኝ።»

አፏ ቀደማት። ከክምሩ ርቃ በር ላይ ስትቀመጥ ታያት፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

መናድ ተጀመረ። አንድ ሜትር ተቆፈረ፤ ከሰሉ ቀዝቃዛ ነው። ሁለት ሜትር፤ ያው ነው። ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ከዚያ አንዱ «ውይ!» ብሎ አካፋውን ጣለ። ጭሱ ቡልቅ አለ፤ የተናደው ከሰል ሆዱ ፍም ነበር።

አንድ ሰው ውሃ ሊያመጣ ሲሮጥ፣ «ተው! እንፋሎቱ ይፈጃችኋል! አውጥታችሁ ስጡት!» ብላ ጮኸች። ከሰሉ ግቢው ላይ ስስ ሆኖ ተሰጣ፤ እስከ አሥር ሰዓትም ቀዘቀዘ።

መሐንዲሱ አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «ይቅርታ፣ እትዬ። ምን ላድርግልዎ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ጭማሪ ይጠይቅ ነበር። «ለምንድን ነው የሚያተኩሰው?» አለችው።

«ድሮ፣ እጅግ ድሮ፣ ዛፍና ቅጠል ነበር። ረግረግ ውስጥ ወድቆ፣ አፈር ተጭኖት፣ በሚሊዮን ዓመታት ነው ድንጋይ የሆነው። አሁንም አየር ሲያገኘው በዝግታ ይቃጠላል። ክምር ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ይጠራቀማል።»

ሐኪሟ ከመሬት አንድ ከሰል አንስታ አገላብጣ አየችው። ደስም አላት፣ ተናደደችም። ይህችን ታህል ነገር የሚነግራት ሰው ይጥፋ!

«ምን ዓይነት ዛፍ ነበር?»

መሐንዲሱ ከሰሉን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«እሱን እኔም አላውቅም፣ እትዬ» አላት። «አንዳንዴ ውስጡ የቅጠል ቅርጽ ታትሞ ይገኛል፤ ነገ እንሰንጥቀውና አብረን እንየው።»