የጊሼ ትልና የቀየት ትል

መጋዘኑን መጀመሪያ ያየሁት ከኋላ ተገፍቼ ስገባ ነው። ድሮ የገብስ ማከማቻ ነበር፤ አሁን የሰው። ከመጥበቡ የተነሣ ለማዛጋት እንኳ ተራ እንይዝ ነበር። ቁንጫውማ የጎደለው ኮርቻ ብቻ ነው።

ወንጀሌ አፈር ነበር። የሰብል በሽታ ተመራማሪ ነኝ። ከጊሼዋ ራቤል፣ ከቀየትና ከጓሳ ዳርቻ የገብስ ሥር ከነአፈሩ በየፌስታሉ ቋጥሬ ስመለስ ኬላ ላይ ተያዝኩ። በዚያ ሰሞን ከቦታ ቦታ የሚዞር ሁሉ ሰላይ ነው። አፈር ሲሰልል የተያዘ ግን ከእኔ በፊት አልነበረም፤ በዚህ እስካሁን እኮራለሁ።

አጠገቤ አንድ የጊሼ አዛውንት ታስረው ነበር።

"ልጄ፣ ምን አድርገህ ነው?"

"ትል ይዤ፣ አባቴ።"

ነገርኳቸው። ኔማቶድ ይባላል፤ ከክር የቀጠነ፣ የገብስ ሥር እየወጋ የሚመጥጥ ትል ነው። የየአገሩ ትል ሲያዩት አንድ ይመስላል። በአጉሊ መነጽር ሲለካ ግን ቁመቱ፣ ጅራቱ፣ ሥር የሚወጋበት መርፌው ይለያያል፤ ዘረመሉም እንዲሁ። አንዱን የሚቋቋም ገብስ ለሌላው ቁርስ ነው። የየቦታውን ለይተን ካላወቅን ለገበሬው የምንሰጠው ዘር የዕውር ድንብር ይሆናል።

አዛውንቱ ጺማቸውን አሻሹ። "ትልም አጽመ ርስት አለው በለኛ!"

"አለው እንጂ። አያት ቅድመ አያቱ የኖሩበትን መች ይለቃል!"

"የጊሼው ይበልጣል፤ አይደል?"

"ዘንዶ ነው አባቴ! ጠምደው ቢያርሱበት አይደክመውም።"

ከቆላ የመጣ ሙስሊም ነጋዴ ከጥግ ጮኸ፤ "የኛስ?"

"ከቆላ አልወሰድኩም።"

"ወላሂ፣ ትል እንኳ ነፈጋችሁን!"

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ።

ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ ኃላፊ አስጠራኝ። ፌስታሎቼ እግሩ ሥር ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው ባዶ ጆንያ።

"አፈር መሆኑን አምነናል" አለ። "በየቦታው ለይተህ ግን ከዚህ አታወጣም፤ የት የት እንደዞርክ ይናገራል። ሁሉንም ጆንያው ውስጥ ገልብጥና ወደ ቤትህ ሂድ።"

በሩ ክፍት ነበር። ውጭ በግ ይጮኻል። ጆንያውን አየሁት። አንዴ ከተቀላቀለ ማንም አይለየውም፤ መንገዱም እየተዘጋ ስለሆነ ተመልሼ አልለቅመውም። ዘር የሚጠብቁ ገበሬዎች አሉ።

"አለቃ፣ እኔን ከፈለጉት ሰው ጋር ይቀላቅሉኝ" አልኩ። "አፈሩን ግን አልገለብጥም።"

"እንግዲያው ወደ መጋዘንህ።"

"ፌስታሎቼን ይዤ?"

ትክ ብሎ አየኝ። "ውሰዳቸው። ትራስ ይሁኑህ።"

ታቅፌያቸው ስገባ አዛውንቱ ብድግ አሉ። እንዲህ ያለ ክብር ለጳጳስ እንጂ ለትል ተደርጎ አያውቅም። የጊሼውን ተቀብለው ከሱፍ ባናቸው ሥር ሸሸጉት። ነጋዴው የቀየቱን ወሰደ፤ "የሰው አደራ ነው" አለ። የጓሳው ከእኔ ጋር ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ አፈሩ እንዳይደርቅ፣ ከምንጠጣው ውሃ እፍኝ እፍኝ መርጨት የመጋዘኑ ደንብ ሆነ። ከንፈራችን እየደረቀ ትል አጠጣን።

ስንፈታ ኃላፊው በሌላ ሰው ተተክቶ ነበር፤ ስለ አፈር የጠየቀን የለም። ሦስታችን ሦስት ቋጠሮ ይዘን ወጣን።

ትሎቹ እውነትም ይለያያሉ። ቀየት ላይ የጸናው ገብስ ራቤል ላይ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ለራቤል ሌላ ዘር አገኘን። ዘንድሮ በአዛውንቱ ማሳ ላይ ቆሟል። አሁንም ሲደውሉልኝ ከሰላምታ በፊት፣ "የኛው ትል አሁንም ይበልጣል?" ይላሉ።

"ይበልጣል አባቴ።"

በቁመት የሚበልጠው የጓሳው ነው። ይህን ግን ዳግመኛ ቢያስሩኝም ለእሳቸው አላወጣም።