ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው ሬዲዮ

በሃምሳዎቹ ውስጥ ከወረታ ጎንደር የሚመላለስ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል፤ ሚስት የለኝም፤ ትዕግሥት ደግሞ ከነጭራሹ አልፈጠረብኝም። የአውቶቡሱ ባለቤት አንድ ጊዜ አስመራ ሄዶ ሲመለስ የመኪና ሬዲዮ ይዞ መጣና ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ አስገጠመው። ድምፅ ማጉያው ከፊት ቦታ ስላጣ ከኋላ፣ ከመጨረሻው ረጅም ወንበር በላይ ተሰቀለ። ሽቦው ከእኔ ዘንድ ተነሥቶ በወንበሮቹ እግር ሥር እየተሳበ እስከዚያ ድረስ ይሄዳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሌላውን መኪና እያሳለፈ የእኛን መጠበቅ ያዘ። እኔም ሬዲዮውን ራሴ የሠራሁት ይመስል አንገቴን ቀና አድርጌ እነዳ ነበር።

ጣጣው የመጣው ክረምቱ እንደወጣ ነው። የፎገራ ሜዳ ውኃ ገና መሸሹ ስለነበር መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። አንድ ቀን ወደ ይፋግ ስንሄድ፣ መንገድ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን ፊት ስንደርስ ዘፈኑ ቀጥ አለ። አለፍ ስንል ተመልሶ መጣ። በማግስቱም እዚያው ጠፋ፣ እዚያው መጣ። አዲስ ዘመን ከተማ ልንገባ ስንል፣ ተሳፋሪው ወደ ጣራ ገዳም ዞሮ በሚሳለምበት ቦታ ላይም እንደዚሁ ሆነ።

ተሳፋሪው ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። "ታቦቱ ነው ዝም ያሰኘው" ተባለ። ትኬት ቆራጩ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝና ያለ ቀልድ መዋል የማይችል ሰው፣ አዲስ ተሳፋሪ በገባ ቁጥር "ሬዲዮአችን ቆርቧል" እያለ ያወራ ነበር። እኔን ግን አናደደኝ። ታቦቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ታቦት ሥራ ፈትቶ የእኔን ሬዲዮ ይቆጣጠራል ብዬ ማመን አቃተኝ።

ፊውዙን ቀየርኩ። የባትሪውን ጫፎች ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግሁ። አንቴናውን ነቀነቅሁ። ጎንደር ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ማጉያውን አውርዶ ከፈተነው በኋላ "ካንተ የተሻለ ጤና አለው" ብሎ መለሰልኝ። ባዶውን አውቶቡስ ይዤ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ፊት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሬዲዮው ሦስቱንም ጊዜ ያለ አንዳች ይሉኝታ ዘፈነ። ሰው ሲሳፈር ግን ይጠፋል። እንግዲያው ክብደት ነው ብዬ የኑግ ጆንያ በየወንበሩ ጭኜ ሄድኩ። አሁንም ዘፈነ። ያን ቀን መሪውን በቡጢ መታሁት፤ የተጎዳው እጄ ነው።

ከተሳፋሪዎቼ መካከል የዚያች ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ቤታቸው ወረታ ስለሆነ በይፋግ ገበያ ቀን ከሴት ልጃቸው ጋር ከዚያ ይሳፈራሉ። ልጅቱን ወድጃት ነበር። ከፊቴ በተሰቀለው መስታወት ሳያት መንገዱን እየዘነጋሁ ስንት ጊዜ ከበሬ ጋር ልጋጭ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ሽማግሌ ልልክ እያሰብኩ የምፈራው አባቷን ነው። ሾፌር የተባለ ሁሉ ጠጪና ውሎ አዳሩ የማይታወቅ ነው ብለው እንደሚያምኑ አገር ያውቃል።

አንድ የገበያ ቀን ቄሱ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ እጄን ያዝ አደረጉ።

"ልጄ፣ ኸቤተ ክርስቲያኑ ፊት ስንደርስ ዘፈኑን የምታጠፋው ነገር ደስ ይለኛል" አሉኝ። "ሰዉ ታቦቱ ነው ይላል። እኔ ግን ጨዋ አሳድጎት ነው እላለሁ።"

ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችኝ። "እኔ አይደለሁም" ማለት ይበቃ ነበር።

"አሜን፣ አባ" አልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ምርቃት ሆነ። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ እንደምልክ ለትኬት ቆራጩ ነገርኩት። ሬዲዮው እንዳይጠገን እስከ መመኘት ደርሼ ነበር፤ ያ ሁሉ ንዴት የት እንደገባ እንጃ።

አንድ ጠዋት የኋላዎቹን ሁለት ወንበሮች ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴዎች ያዟቸው። ደጋግ ጨዋታ አዋቂዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኗ ፊት ስንደርስ ሬዲዮው እየዘፈነ አለፈ።

"ታቦቱም ለእንግዳ ያደላል ማለት ነው" አለ ትኬት ቆራጩ፤ ነጋዴዎቹ ከሁላችን በላይ ሳቁ።

እኔ ግን ፍሬን ያዝኩ። በመስታወቱ ውስጥ ያየሁት ሌላ ነገር ነበር። ከፊት ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ተሳልሟል። ከኋላ የተነሣ የለም።

ወርጄ፣ ነጋዴዎቹን ይቅርታ ጠይቄ ከወንበሩ ሥር ገባሁ። ከመጨረሻው ረጅም ወንበር ፊት ያለው ወንበር ብሎኑ ላልቶ እግሩ ይነቃነቃል። ሽቦው በዚያ እግር ሥር ተቆንጥጦ ውስጡ ተበጥሷል፤ ጫፎቹን አገናኝቶ የያዛቸው የላዩ ላስቲክ ብቻ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሊሳለም ሲነሣ የፊቱን ወንበር መደገፊያ ይይዛል። ያን ጊዜ የወንበሩ እግር ከወለሉ ብድግ ይልና ሽቦውን ይጎትተዋል፤ ጫፎቹ ይለያያሉ። ሰዉ ተሳልሞ ሲቀመጥ መልሰው ይገናኛሉ። ሰው ሲሳፈርና ሲወርድም ያንኑ ወንበር ይይዛል፤ ያን ጊዜ መጥፋቱን ያላወቅነው መኪናው በቆመ ቁጥር ለባትሪው እየሳሳሁ ራሴ ስለማጠፋው ነው።

ሽቦውን በፒንሳ ልጬ ጠመዘዝኩት፣ በናስትሮ፣ በሽቦ ማሸጊያው ፕላስተር፣ ጠቀለልኩት፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ከወንበሩ ሥር ስወጣ አቧራ ለብሼ እስቅ ነበር። የሚቀጥለው ቀን ገበያ መሆኑ ትዝ ያለኝ መሪውን ከያዝኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ቄሱና ልጃቸው ተሳፈሩ። ቤተ ክርስቲያኗ ስትቃረብ እጄን ሰድጄ ሬዲዮውን ራሴ አጠፋሁት። ማንም ምንም አላወቀም። ቄሱም አጠገባቸው ለተቀመጠው ገበሬ እኔን ማመስገን ጀመሩ፤ አባቴን ጨምረው አመሰገኑልኝ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ለእሱ የተሰጠው ምስጋና በተበጠሰ ሽቦ የተገኘ ነው። ዝም ብል ኖሮ ዕድሜ ልኬን የሚያውቅብኝ አልነበረም።

ይፋግ ሲወርዱ ተከትዬ ወረድኩ።

"አባ፣ በእጄ ያጠፋሁት ዛሬ ብቻ ነው" አልኳቸው። "እስከ ትናንት ሽቦ ተበጥሶ ነው የሚጠፋው። ትናንት ጠገንኩት።"

መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ አሜን ያልከኝ ምን ነክቶህ ነው?"

"ልጅዎን ፈልጌ ነው።"

ከዚያ የከፋ መልስ በዓለም ላይ የሚገኝ አይመስለኝም። ልጅቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ትሳቅ ትደንግጥ መለየት አልቻልኩም። ቄሱ መቋሚያቸውን አንሥተው ወደ ገበያው ሄዱ።

ሁለት ገበያ አለፈ፤ አልተሳፈሩም። አንዱን ቀን በእግራቸው ሲሄዱ ደርሼባቸው አቧራ እንዳላለብሳቸው ቀስ ብዬ አለፍኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ትኬት ቆራጩ "ሬዲዮው ዳነ፤ አሁን የታመመው ሾፌሩ ነው" አለ። አልሳቅሁለትም። ቤተ ክርስቲያን ባለፍን ቁጥር ግን ሬዲዮውን አጠፋ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ እልህ ነው የምላችሁ።

በሦስተኛው ገበያ ወረታ ላይ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። እንደ ወትሮው ወደ መሐል አልሄዱም፤ ከጀርባዬ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ከቀኝ እጄ ላይ አልተነሣም። ቤተ ክርስቲያኗ ስትታይ አጠፋሁት፤ ሰዉ ብድግ ብሎ ተሳለመ፣ ተቀመጠ፤ መልሼ ከፈትኩት። ይፋግ ደርሰን ቄሱ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ጠበቁ፤ ከዚያ ተነሥተው ደረጃው ላይ ቆም አሉ።

"ሽማግሌ የምትልክ ኸሆነ" አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ገበያው እንዳዞሩ፣ "በገበያ ቀን አትላክ። ኸቤት አልገኝም።"