ደርሶ መልስ የሚሄድ ወንዝ

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ ሳለሁ የአሠሪዬ መልእክት ደረሰኝ። «እቅድሽን ወድጄዋለሁ። አሁን ልተኛ ነው፤ ነገ ከሰዓት በኋላ ለእንግዶቹ እልከዋለሁ» ይላል።

እሷ የምትኖረው ከእኛ ቀድሞ በሚመሽበት ሩቅ አገር ነው። እኔ ለትንሽ የጉዞ ድርጅቷ በኢንተርኔት የጉብኝት እቅድ እጽፋለሁ። ይኼኛው ብቻዬን የጻፍኩት የመጀመሪያው ነበር። መቅዘፊያ ጨብጠው የማያውቁ ስድስት ሰዎች ካያክ በምትባለው ጠባብ ጀልባ፣ ባሕር አጠገብ ባለ ሰፊ ወንዝ ላይ ግማሽ ቀን ያሳልፋሉ። አንዷ ስልሳ ዓመት የሞላቸው፣ ውሃ የሚፈሩ ሴት ናቸው።

እኔም ውሃ እፈራለሁ። ስለዚህ እቅዱን ስጽፍ ከሁሉም በላይ የማስበው እሳቸውን ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ተነስተው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ውሃው ራሱ ይወስዳቸዋል። ወንዙ ባሕር ሊገባ ሲል ካለው አሸዋ ላይ ምሳቸውን ይበላሉ። ሰባት ሰዓት ላይ ዳር ዳሩን ይዘው ቀስ እያሉ ይመለሳሉ። ለእኔ ወንዝ ማለት ቦርከና ነው፤ ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል፣ ምንጊዜም ግን ወደ ታች ይሄዳል።

አሠሪዬ ከመነሻው አያይዛ የላከችውን ሰንጠረዥ የከፈትኩት መልእክቷ ከደረሰኝ በኋላ ነው። የጉዞው ቀን ላይ የውሃው ከፍታ በየሰዓቱ ተጽፏል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጎዶሎ፣ ማታ እንደገና ሙሉ። ዝናብ ሳይዘንብ ወንዝ በቀን ሁለት ጊዜ እንዴት ይሞላል? ጨረቃ ባሕርን ትስባለች የሚል አንድ መስመር ከትምህርት ቤት አስታውሳለሁ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ እንዲህ ያለ ወንዝ ወደ ኋላም ይፈሳል የሚል አገኘሁ። ማመን አቃተኝ። በዓይኑ ያየ ሰው መጠየቅ ፈለግሁ።

ከዘመዶቼ ባሕር ያዩት የእናቴ ወንድም ብቻ ናቸው። ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ያመላልሳሉ። ስደውልላቸው ደጁ ላይ ተራ እየጠበቁ ስለነበር ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። መኪናቸው ጥላ ሥር ከአንድ ሌላ ሾፌር ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አጎቴ፣ ባሕር ይሸሻል የሚሉት እውነት ነው?»

«ወላሂ፣ ጫማዬን ይዞ ነው የሸሸው።»

«ይቺን ወሬ ዛሬም ልትደግማት ነው?» አሉ ሌላው ሾፌር።

«አንተን ማን ስማ አለህ?» አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ነው። ለዙሁር ሶላት ውዱእ ላደርግ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ከፍ ብሎ ካለው ጥላ ሰግጄ ጋደም አልኩ። ስነቃ ጫማም የለ፣ ድንጋይም የለ። ዘበኛውን ሌባ ብዬ ሰደብኩት።»

«ድንጋዩንም ሰረቀኝ ብሎ እኮ ነው» አሉ ሾፌሩ።

«ውሃው መልሶ ሲሸሽ ድንጋዩ ከቦታው ቁጭ ብሏል። ያን ዕለት ዘበኛውን ‹አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ› ሳልለው አላደርኩም።»

«ወንዝስ? ወንዝም ወደ ኋላ ይሄዳል?»

ወደ መኪኖቹ ሰልፍ ጠቆሙኝ። «ፊት ያለው መኪና ወደ ኋላ ከመጣ፣ የኋለኛው ምን ምርጫ አለው?»

ሰንጠረዡን በስልኬ አሳየኋቸው።

«በእኛ ሰዓት ነው በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ ነው፤ ስድስት ይቀነሳል።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዲህ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ውሃው ወደ ባሕር ይወጣል። ሰዎችሽ በሰባት ሰዓት ሲመለሱ ከማን ጋር ሊታገሉ ነው?»

ውሃ የሚፈሩት ሴት ክንዳቸው ዝሎ፣ ጀልባቸው ወደ ባሕሩ ስትንሸራተት ታየችኝ።

«በአንድ ሰዓት አስነሽያቸው፤ ሽቅብ» አሉ አጎቴ። «እየሞላ ይገፋላቸዋል። ሦስት ላይ ይረፉ። ከዚያ ራሱ ያመጣቸዋል። ደርሶ መልስ ነው፣ ነዳጅም አይፈጅ።»

ወደ ደሴ ስመለስ፣ ዳገቱን ስንወጣ በሚኒባሱ መስኮት ቦርከናን ሳየው ቆየሁ። ያኛው ወንዝ ከመሄድ ወደ መምጣት ሲዞር መሀል ላይ ይቆም ይሆን? ሲቆምስ ምን ይመስላል?

አመሻሽ ላይ አዲሱን እቅድ ጽፌ ላክሁ። ኢሜይል ግን ሳይከፈት ሊያልፍ ይችላል። አሠሪዬን በድምፅ አነጋግሬያት አላውቅም፤ እንደዋወል ባለችኝ ቁጥር ፈርቼ መስመሩ ጥሩ አይደለም እላት ነበር።

በማግሥቱ ሱብሒ እንደሰገድኩ፣ የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ ደወልኩላት። እዚያ ቀትር አልፎ ነበር።

«የመጀመሪያውን እቅድ እንዳትልኪው። ሲመለሱ ከውሃው ጋር ያታግላቸዋል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ።»

«አዲሱን እያየሁት ነው» አለች። «እሱን እልካለሁ። ከእንግዲህ ግን ሰንጠረዡን መጀመሪያ ክፈቺ።»

ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት እዚያ ላይ አለቀ። ስልኩን አልዘጋሁትም። ውሃው ሞልቶ ሲቆም ላዩ ላይ ያለ ቅጠል ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኋት።