ውሃ ከልካይዋ

ሥራዋ በቆሎ ማስጠማት ነው። ሰፈሩ ይህን ሲሰማ «ውሃ ከልካይ» የሚል ስም አወጣላት፤ እሷም ስቃ ተቀበለችው። በምርምር ጣቢያው ለሙከራ የተዘሩት ዲቃላ የበቆሎ ዝርያዎች ሊያብቡ ሲሉ ውሃ የምትዘጋባቸው እሷ ናት። ከዚያ በየቀኑ እየዞረች ታያለች፤ የየትኛው ቅጠል ቀድሞ ተጠቀለለ፣ የየትኛው ቁመት አጠረ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫፍ ላይ ያለው ወንዴ አበባ ዱቄቱን ሲያራግፍ የእሸቱ ፀጉር ደርሶለት እንደሆነ። ውሃ ጥም የጸናበት በቆሎ ፀጉሩን ያዘገያል። ዱቄቱ ካለቀ በኋላ ብቅ ቢል ምን ዋጋ አለው፤ እሸቱ ባዶውን ይቀራል። ድርቅ የሚችለውን ለገበሬ መርጦ ለመስጠት እያስጠሙ ማየት የግድ ነው።

ይህን ለባሏ አባት ማን ያስረዳቸው! ዕድሜያቸውን በእርሻ የፈጁ ሰው ናቸው፤ ካረጁ ወዲህ የሚኖሩት ከእነሱ ጋር ነው። ቤቱ ከሙከራው ማሳ ጋር በአጥር ስለሚዋሰን በየጠዋቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ቦዩ ሞልቶ እየፈሰሰ አጠገቡ በቆሎ ሲጠወልግ ያያሉ። አንድ ጠዋት አንጀታቸው አልቻለም። በአጥሩ ሾልከው ገቡና ቦዩን በአካፋ ቀደው ውሃውን ለቀቁበት።

ደርሳ ስታይ የተጠቀለለው ቅጠል ሁሉ ተዘርግቷል፤ አማቷ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ፈገግ ብለዋል። ክው አለች። የዓመት ልፋቷን ውሃ በላው።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? ከሥራ ሊያስወጡኝ ነው እኮ!»

«የኔም ማሳ ሊያብብ ሲል ነው ዝናቡ የቀረው» አሉ። «ውሃ ከየት ላምጣለት? አንድም አላፈራልኝ፤ አገሬን ጥዬ የወጣሁት ያኔ ነው። አሁን ውሃው አጠገቤ እየሄደ ዝም ልበል?»

የተቀደደውን ቦይ መልሳ ደፈነች። ብትደብቀው ማንም አያውቅም፤ ግን ውሃ የጠጣው በቆሎ ድርቅ ቻለ ተብሎ ለገበሬ ሊታደል ነው። ሄዳ ለአለቃዋ ተናገረች። አለቃዋ ሙከራውን ሰረዘ፣ ማስጠንቀቂያም ጻፈባት፤ ከሥራ ግን አላስወጣትም። አማቷ ቂም ይዘው ሰነበቱ። ራት ላይ «ውሃ አቀብይኝ ብላት ትከለክለኝ ይሆን?» እያሉ ይወጓት ነበር።

በዓመቱ እንደገና ተዘራ፣ እንደገናም ውሃው ተዘጋ። ሲደርስ ሁለት ራስ በቆሎ ይዛ ወደ በረንዳው መጣች። አንዱ ጥርሱ እንደረገፈ አፍ እዚህም እዚያም ክፍት ነው፤ ሌላው ትንሽ ቢሆንም ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል።

«ሁለቱም ሊያብቡ ሲሉ ውሃ ከተዘጋባቸው ወዲህ ጠብታ አልቀመሱም» አለቻቸው።

ሽማግሌው ክፍቱን ወደ ጎን አኖሩት። የሞላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ባዶ ቦታ ፈለጉ፤ አጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ይሄ ያኔ የት ነበር?» አሉ።